ባለ ሁለት ፎቅ የሞዴል ባቡር፦ ሰው የሚለውና እውነታው

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚህ ቤዝመንት (ከቤቱ ሥር ያለ ክፍል) ያለው አበሻ ወይ ያከራየዋል፣ ወይ ትልቅ ቲቪ ያስገባበታል። እኔ ሞዴል ባቡር፣ ማለትም የእውነተኛው ባቡር ትንሽ ቅጂ፣ የሚሄድበት ሐዲድ ዘረጋሁበት። ግድግዳውን ተከትለው የሚሄዱ ሁለት መደርደሪያዎች አሉ፤ ፎቅ የምለው እነሱን ነው። ታችኛው ከወለሉ 1 ሜትር፣ ላይኛው 1 ሜትር ከ40 ከፍ ይላል። ባቡሩ በሁለቱ መሃል ይመላለሳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምሰማው አስተያየት ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ስጀምር እኔም አብዛኛውን አምን ነበር።

«ፎቅ ሲጨመር ቦታው እጥፍ ይሆናል»

አይሆንም። መጀመሪያ፣ ባቡሩ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ራሱ ቦታ ይበላል። ብዙ ሰው የሚሠራው ሂሊክስ የሚባለውን ነው፤ ሐዲዱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ ይወጣል። ከመሃሉ እስከ ሐዲዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሂሊክስ ከነጠርዙ የአንድ ሰው አልጋ የሚያክል ቦታ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ የላይኛው ፎቅ ከታችኛው ጠበብ ማለት አለበት። አለበለዚያ ታች ያለው ይጨልማል፣ እጅም አይገባም።

«ባቡር ነው፣ ዳገት አያቅተውም»

እኔን ያስከፈለኝ ይሄኛው ነው።

ባቡር ዳገት ይፈራል፤ እውነተኛውም ሞዴሉም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚሄድ ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። መኪና ሳያስበው የሚወጣው ዳገት ባቡርን ያቆመዋል። ለሞዴል ባቡር ምቹ የሚባለው 2 በመቶ ነው፤ በ1 ሜትር ርዝመት 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። ሲያዩት ዳገት አይመስልም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። እኔ የምጠቀመው ኤች ኦ የሚባለውን፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንሰውን መጠን ነው። ባቡሩ ከላዩ ካለው ዙር ጋር እንዳይጋጭ፣ የፕላይውዱ ውፍረት ሲጨመርበት፣ በየዙሩ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ መውጣት አለብን። በ60 ሳንቲ ሜትሩ ሂሊክስ አንድ ዙር 3 ሜትር ከ77 ነው። ዳገቱ 2.65 በመቶ ሆነ። ይቻላል።

እኔ ግን ቦታ ልቆጥብ ብዬ በ45 ሳንቲ ሜትር ሠራሁት። አንድ ዙር 2 ሜትር ከ83 ብቻ፣ ዳገቱ 3.5 በመቶ። «ምንም አይልም» አልኩ። ያልቆጠርኩት ነገር ነበር፦ ኩርባ ራሱ ባቡሩን ይይዘዋል። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች በሚጠቀሙበት ግምት፣ እንዲህ ያለ ጠባብ ኩርባ ሌላ 1.8 በመቶ ያህል ዳገት እንደመጨመር ነው። ተደምሮ ከ5 በመቶ በላይ።

ስምንት ፉርጎ አስሬ ለቀቅኩት። ሁለት ዙር በደንብ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሎኮሞቲቩ ቆመ፤ ጎማው ግን ባለበት ይሽከረከራል፣ ዚ…ዝ የምትል ድምፅ እያሰማ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። የመጨረሻው ፉርጎ ዘሎ ወደቀ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ የፈጀብኝን ሥራ በአንድ ማታ ፈታሁት። አሁን መጋዝ ሳላነሳ እርሳስና ወረቀት ነው የማነሳው።

«መጠምዘዝ ማጭበርበር ነው፤ እውነተኛ ባቡር እንዲህ አይሄድም»

ይሄዳል እንጂ። ስዊዘርላንድ ብሩሲዮ ላይ በ1908 የተከፈተ ድልድይ አለ፤ ባቡሩ ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ በራሱ ድልድይ ሥር ያልፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥም ቴሃቻፒ የሚባል ቦታ፣ ረጅም የዕቃ ባቡር ሲያልፍ ራሱ ከራሱ በላይ ሲሄድ ይታያል። ዳገት ሲበዛ ርዝመት መጨመር የመሐንዲሶች የቆየ ዘዴ ነው።

«ያለ ሂሊክስ አይሆንም»

ይሆናል፣ ክፍሉ ከበቃ። አራቱም ግድግዳ 5 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 20 ሜትር ነው። በ2 በመቶ እየወጣ አንዴ ከዞረ 40 ሳንቲ ሜትር ይነሳል፤ ማለትም ላይኛው ፎቅ ደረሰ! ኩርባው ማዕዘን ላይ ብቻ ነው። ባቡሩም ሂሊክስ ውስጥ እንደሚገባው አይደበቅም። ጉዳቱ ጣቢያ ለመሥራት ለጥ ያለ ቦታ ማጣት ነው፤ የጣቢያውን ርዝመት ከዳገቱ መቀነስ ይኖርብሃል። እንደገና ብጀምር ይሄንን ነበር የምመርጠው።

«ሐዲዱ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በራሱ ይደርሳል»

ሞዴል ባቡር ኃይሉን የሚያገኘው ከሐዲዱ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። ከርሞ መጋጠሚያው ይቆሽሻል፣ ይላላል፤ ባቡሩ ሂሊክሱ መሃል ሲደርስ የፊት መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። ስለዚህ ከሥር ወፍራም ሽቦ ዘርግቶ በየ1 ወይም 2 ሜትሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ ማውጣትና በካውያ መበየድ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አንዲት ኳርተር (የአሜሪካ 25 ሳንቲም) በሁለቱ ሐዲድ ላይ ጣል አድርግ። ለሐዲዱ ኃይል የሚሰጠው መቆጣጠሪያ ወዲያው ኃይሉን መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ ሽቦው ቀጥኗል ወይም መገናኛው ላልቷል፤ ሾርት በሚሆን ቀን ሐዲዱ ላይ ያለው ነገር ይቀልጣል።

«መብራት በኋላ ይደረሳል»

አይደረስም። የኤልኢዲ ገመዱ የሚለጠፈው በላይኛው ፎቅ ሆድ ላይ ነው። ተራራና ዛፍ ከተሠራ በኋላ በጀርባህ ተኝተህ ልትለጥፍ ስትሞክር ሙጫው ዓይንህ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሁሉም ነገር በልኩ መሆን አለበት»

እኔ የመረጥኩት የድሮውን የምድር ባቡር ነው። ታች ድሬዳዋ፣ ላይ ለገሃር። እስቲ ሁሉንም በ87 አሳንሰን በልኩ እንሥራው። መሥመሩ በሙሉ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር። ድሬዳዋና አዲስ አበባ በከፍታ ከ1,100 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ይህም ሲካፈል 13 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቤዝመንት ሳይሆን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያስፈልገኛል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይቆርጣል፣ ያሳጥራል። የሐዲዱን ስፋት እንኳ ቢሆን፣ ያ መሥመር 1 ሜትር ነበርና በዚህ መጠን 12 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። እኔ የዘረጋሁት በየሱቁ የሚገኘውን ባለ 16.5 ሚሊ ሜትሩን ነው። እስካሁን ለክቶ የያዘኝ ሰው የለም።

ባለፈው የድሬ ልጅ የሆኑ አንድ ጋሼ መጥተው ነበር። የዳገቱም የሽቦውም ነገር አላስገረማቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው ታችኛው ጣቢያ ላይ አጎነበሱ፣ ቆዩ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ባዶ ነው። ብርቱካን ሻጮቹ የታሉ?»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቁመታቸው 2 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሴቶች እየቀባሁ ነው። ብርቱካኑን በመርፌ ጫፍ።