ጸደይ ድሬ ላይ መቼ ነው? ስለ ጥላ ስር አትክልት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። ጥላው ስር ፈርንና ኮለስ የሚባሉ፣ ለቅጠላቸው ውበት የሚተከሉ አትክልቶች ተክያለሁ፤ በዘይት ጣሳ ያሉም አሉ። ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ይሆናል። ምክሩ ከልብ ነው፤ ግማሹ ግን ስህተት ነው።

«ጸደይ መስከረም ነው፤ አሁን ምን ያስቸኩልሃል?»

አደይ ስለሚፈነዳ መስከረምን ጸደይ ማለት ለምዶብናል። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ በልጉን ይዞ ማለት ነው። ፈርኔም ከባሕረ ሐሳቡ ጋር ይስማማል። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ነው እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ቅጠሉን መፍታት የሚጀምረው። ከፋፍዬ የምተክለውም ያኔ ነው።

«ዘንቧል እኮ፣ ውሃ ምን ያደርጋል?»

ይህን እኔም አምን ነበር። አምና አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረ። ጠዋት የግቢው ጭቃ ጫማ ያስቀራል። ማንጎው ስር ገብቼ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰካሁ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ዱቄት! ጥቅጥቅ ያለው ቅርንጫፍ ዝናቡን አየር ላይ ያስቀረዋል። ሾልኮ የወረደውን ደግሞ የማንጎው ሥር ይሻማል። በጣሳ ያሉት ግን ሌላ ናቸው። የሚሻማቸው ሥር የለም፣ ፀሐይም ቶሎ አያደርቃቸውም፤ እነሱን የሚገድላቸው የውሃ ብዛት ነው። ስለዚህ በቀን ቆጠራ ማጠጣት ትቻለሁ። ጣቴ ነው የሚወስነው።

«ማንጎው ቀላ፣ መድኃኒት ርጭበት»

አቦ ተዉት! የማንጎ ለጋ ቅጠል ሲወጣ ቀላ ብሎ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ነው። አረንጓዴው ቀለም ቅጠሉ ሲጠነክር ይመጣል።

«ቢጫ ከሆነ ጠምቶት ነው»

መጀመሪያ ማንቆርቆሪያችሁን እዩ። ውስጡ የጋገረው ነጭ ቅርፊት ከውሃችን የመጣ ኖራ ነው። ስናጠጣ አፈሩም ውስጥ ይጠራቀማል። ያኔ አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ተክሉ መሳብ ያቅተዋል። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ምልክቱ ይሄ ነው። የቧንቧ ውሃ መጨመር ያባብሰዋል። እኔ ከአሸንዳ የወረደ የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅሜ እሱን አጠጣለሁ።

«ጥላና አበባ ወባ ያመጣል»

ይሄን የምትለኝ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ትንኝ ቀን ቀን ጥላ ውስጥ ልታርፍ ትችላለች፤ የምትፈለፈለው ግን የቆመ ውሃ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከድሬ የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ደግሞ ከተማ የለመደች ናት፤ ሮቶና በርሜል ውስጥ ትራባለች። እንግዲህ ተጠርጣሪው ፈርኑ ሳይሆን የኔው በርሜል ነው። አሁን ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ እዘጋለሁ፤ ከጣሳዎቹ ስር ያሉት ሳህኖች ላይ የተጠራቀመውንም እደፋለሁ። ጎረቤቴ ባለፈው መጥታ ክዳኑን ነካ ነካ አድርጋ ፈተሸችው። ስትወጣ ከፈርኑ አንድ ቁራጭ ከነሥሩ ይዛ ነው የሄደችው።