ሪል ኤል ምንድን ነው? ጠማቂው ጀምሮት ፐቡ የሚጨርሰው ቢራ

እንግሊዝ ውስጥ አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ ለመክፈት ያሰበ ሰው፣ ጋን ሳይገዛና ብቅል ሳያዝ በፊት የአካባቢውን ፐቦች (መጠጥ ቤቶች) እየዞረ ሪል ኤል ቢቀምስ ሥራ ፈት አይባልም። የመጠጫ ሰበብ ይመስላል። ትንሽ ነውም። ግን ሪል ኤል ከመጥመቂያው ሲወጣ ገና ያላለቀ ቢራ ነው። ምን እንደሚወጣው የሚታወቀው ፐቡ ውስጥ ነው።

ኤል ከላገር ሞቅ ባለ ሁኔታ የሚፈላ የቢራ ዓይነት ነው። እኛ አገር በጠርሙስም በጃምቦም የለመድነው በአብዛኛው ላገር ነው። ኤሉን “ሪል” የሚያሰኘው ግን ሌላ ነገር ነው። በርሜል ውስጥ ሲገባ እርሾው በሕይወት አለ። ተጣርቶ አልወጣም፤ በሙቀትም አልተገደለም። የቀረውን ስኳር እየበላ ቢራውን እዚያው እንደገና ያፈላዋል። ጋዙንም ራሱ ይሠራል። የተለመደው ድራፍት በጋዝ ግፊት ሲወጣ፣ ሪል ኤል በእጅ ፓምፕ ይሳባል ወይም በቀጥታ ከበርሜሉ ይቀዳል። ለእኛ ሰው ጠላን ማሰብ ይበቃል፦ አተላው ሥር ይተኛል፣ መጠጡ ከቀን ቀን ይለወጣል፣ አንዴ ከተነካ ደግሞ ብዙ አይቆይም።

ይህ ቢራ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትልልቆቹ ጠማቂዎች ፊታቸውን ወደ ኬግ አዞሩ። የኬግ ቢራ ይጣራል፣ በጋዝ ይገፋል፣ የትም ቢጠጣ ያው ነው። ለነጋዴ ምቹ ነው፤ ጣዕሙ ግን ብዙ ጠጪ አስቀየመ። በ1971 አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች አየርላንድ ለዕረፍት ሄደው ሳለ ካምራ የተባለውን የጠጪዎች ማኅበር መሠረቱ። ሪል ኤል የሚለውን ስም ያስለመደው ይህ ማኅበር ነው።

ዋናው ሥራ ያለው የፐቡ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በብዛት የሚሠራበት በርሜል ፈርኪን ይባላል። 9 ጋሎን፣ ማለትም 41 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፐቡ እንደደረሰ በጎኑ ይተኛል። ከዚያ በላዩ ባለው መክደኛ በኩል አየር የሚያሳልፍ ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ይሰካበትና የተጠራቀመው ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣል። ፍላቱ ረገብ ሲል ጋዝ በማያሳልፍ ጠንካራ እንጨት ይተካል። ቶሎ ከተዘጋ አረፋው ያስቸግራል፤ ከዘገየ ቢራው ይሞታል። ይህን የሚወስነው ጠማቂው ሳይሆን የፐቡ ሰው ነው። እርሾውን ወደ ታች የሚያወርደው ደግሞ በተለምዶ ከዓሣ ፊኛ የሚሠራ አይዚንግላስ የሚባል ነገር ነው። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክራችን ቢራ ውስጥም ገባ ማለት ነው። አይዚንግላስ የማይነካቸው ቢራዎችም አሉ፤ መጠየቅ ነው።)

የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። “የእንግሊዝ ቢራ ለብ ያለ ነው” የሚባለው ሐሜት ነው፤ ለብ ካለ ፐቡ አጥፍቷል። በርሜሉ መቀዳት ከጀመረ በኋላ በወጣው ቢራ ፋንታ አየር ይገባል። ስለዚህ በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ ጣዕሙ ይወርዳል፣ ሲብስም አቼቶ አቼቶ ማለት ይጀምራል።

ስለዚህ አሥር ዓይነት ቢራ በአንድ ፐብ ከመቅመስ፣ አንዱን ቢራ በተለያዩ ፐቦች መቅመስ ይሻላል ባይ ነኝ። በአንዱ ቤት ግሩም ሆኖ በሌላው ከኮመጠጠ ጥፋቱ የምድር ቤቱ ወይም ያልታጠበው ቱቦ ነው። በሁሉም ቤት ቅቤ ቅቤ ከሸተተ ግን መጥመቂያውን መጠርጠር ነው። መልኩ ግን እንዳያታልል። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ቦታ ፓምፑ አፍ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ትንሽ መክደኛ ስለሚገጥሙ አረፋው ወፍራም ይሆናል፤ ደቡቡ ያለ እሷ መቅዳት ይወዳል። ለቀማሽ ደግሞ ሕጉ ራሱ ይረዳል። የእንግሊዞች የተለመደ የቢራ መለኪያ ከሆነው ፓይንት ሲሶው፣ ማለትም 190 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሕጋዊ መለኪያ ነው። ሙሉ ፓይንት እያነሱ የሚዞሩ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመለሱ እንጃ።

ምላስ የማይነግረው ነገርም አለ፦ ፐቡ የማን ነው? ብዙዎቹ የትልልቅ ጠማቂዎች ወይም የፐብ ኩባንያዎች ንብረት ናቸው። ውስጥ የሚሠራው ሰው ቢራህን ቢወደውም እንደፈለገ መግዛት አይችልም። ለአዲስ ጠማቂ በሩ ክፍት የሆነው ፍሪ ሃውስ የሚባለው፣ ከማንም ጋር ያልታሰረው ፐብ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ለአነስተኛ ጠማቂዎች የቢራ ቀረጡን ከቀነሰ ወዲህ ጠማቂው በዝቷል፤ በእነዚህ በሮች ላይ ያለው ግፊያም እንደዚያው።

በሩ ቢከፈትም ሒሳቡ አለ። አንድ ፈርኪን 72 ፓይንት ነው። በሦስት ቀን ይለቅ ከተባለ፣ አተላውን ሳንቀንስ፣ በቀን 24 ፓይንት መሸጥ አለበት፤ ያውም ከአንድ ዓይነት ቢራ ብቻ። ማክሰኞ ማታ አምስት ሽማግሌ ብቻ የሚቀመጥበት ፐብ ይህን አይችልም። ቢገዛም በአራተኛው ቀን የሚኮመጥጠው ቢራ የጠማቂውን ስም ይዞ ነው የሚኮመጥጠው። እንዲህ ላለው ቤት የፈርኪን ግማሽ የሆነውን፣ ፒን የሚባለውን 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ በርሜል ማቅረብ ነው።