«ዘመኑ እንዲያ ነበር» እና ሌሎች ማምለጫዎች

በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ ሚዲያ ላይ አንድ ታዋቂ ሰው ጌዮችን የሚያንቋሽሽ ቃል ባመለጠው ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። አንዱ «የድሮ ሰው ነው፣ ተዉት» ይላል። ሌላው «የዛሬ ልጆች ቀልድ አያውቁም» ይላል። ሁለቱም ነገሩን ዕድሜ ላይ ይደፈድፉታል። እስቲ እነዚህንና ሌሎቹን ማምለጫዎች በተራ እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።)

«ይሄ የሽማግሌዎች ችግር ነው»

በ2006 የቢቢሲ ሬድዮ 1 አቅራቢው ክሪስ ሞይልስ ጉዳይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። አንድ የስልክ መጥሪያ ድምፅ ስላልወደደው «ጌይ ነው» ብሎ አጣጥሎታል። ቅሬታ ቀረበ። የቢቢሲ የበላይ ኃላፊዎች ግን ወጣቶች ቃሉን «የማይረባ» ለማለት ይጠቀሙበታል ብለው ነጻ አወጡት፤ ለወደፊቱ ተጠንቀቅ ከሚል ምክር ጋር። ልብ በሉ፤ እዚህ ማምለጫ የሆነው ወጣትነት ነው! በ2022 ደግሞ የኤንቢኤው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች አንቶኒ ኤድዋርድስ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎችን ከመኪና ውስጥ እየቀረጸ ጌዮችን በሚያንቋሽሽ ቃል ተሳደበና ኢንስታግራም ላይ ለጠፈው። ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። 40,000 ዶላር ተቀጣ።

በርግጥ ልጅ አባቱን የሚያርምበትም ጊዜ አለ። ተዋናዩ ማት ዴመን በ2021 ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ጌዮችን የሚያንቋሽሸውን ስድብ የተወው ልጁ ረዘም ያለ ጽሑፍ ጽፋ ከገሠጸችው በኋላ እንደሆነ ተናገረ። ሰው ሲንጫጫበት ደግሞ ማንንም በዚያ ቃል ሰድቤ አላውቅም አለ። አባትን በቀልዱ መገሠጽ ምን ማለት እንደሆነ አሜሪካ ያደገ የሐበሻ ልጅ ያውቀዋል።

«ድሮ ማንም አይከፋውም ነበር»

ይከፋው ነበር፤ የሚሰማው ነው የጠፋው። ሚዲያውን የሚከታተለው ግላድ የተባለው ድርጅት ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመው በ1985 ነው። ሰዎቹን ያስቆጣቸው ኒውዮርክ ፖስት ስለ ኤድስ የሚጽፈው ነገር ነበር።

«አንድ ቃል ካመለጠህ አበቃልህ»

ኦገስት 19 ቀን 2020፣ የሲንሲናቲ ሬድስን የቤዝቦል ጨዋታዎች የሚያስተላልፈው ቶም ብሬናማን ማይኩ የተዘጋ መስሎት ስድቡን ተናገረ። ቀጥታ አየር ላይ ወጣ። በዚያው ቀን፣ በሁለተኛው ጨዋታ መሀል፣ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። «የእምነት ሰው ነኝ» እያለ ሳለ ተጫዋቹ ኒክ ካስቴያኖስ ኳሷን ከሜዳ ውጭ ላካት። ብሬናማን ይቅርታውን አቋርጦ ሆም ረኑን አስተላለፈ፣ ውጤቱን 4 ለ 0 ብሎ ተናገረ፣ ከዚያ ካቆመበት ቀጠለ። ኢንተርኔቱ እስከ ዛሬ ይስቅባታል። በቀጣዩ ወር ሥራውን ለቀቀ። በ2024 ግን ሲደብልዩ የተባለው ጣቢያ የኮሌጅ ፉትቦል እንዲያስተላልፍ ቀጠረው። አራት ዓመት ቀላል አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ቅጣት ግን አይባልም።

ኮሜዲያኑ ኬቨን ሃርትም በ2018 በድሮ ትዊቶቹ የተነሳ የኦስካር መድረክ መሪነቱን አጥቷል። ፊልሞቹ ግን በቀጣዩ ዓመትም ሲኒማ ቤት ነበሩ።

«ይቅርታ ከጠየቀ ምን ቀረ?»

ብዙ ይቀራል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት በ2011 ዳኛ ላይ በዚሁ ስድብ ጮኾ 100,000 ዶላር ተቀጣ፣ ይቅርታም ጠየቀ። እዚህ ድረስ የተለመደ ነው። በ2013 ግን ትዊተር ላይ አንድ ሰው ሌላውን «ጌይ ነህ» ብሎ ሲሰድብ ኮቢ ራሱ ጣልቃ ገብቶ ነውር ነው አለው። ወዲያው የራሱን ጥፋት አነሱበት። አልተከራከረም። ካለማወቅ የተናገርኩት ነው፣ ተምሬበታለሁ አለ። እኔ ከ100,000 ዶላሩ ይልቅ ለዚህች መልስ ቦታ እሰጣለሁ።

«ይሄ የመናገር ነጻነትን ማፈን ነው»

የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው። የግል ጣቢያ ሠራተኛውን ቢያሰናብት እሱን አይመለከትም። እንግሊዝ ውስጥማ ጃን ሞይር በ2009 የዘፋኙን የስቲቨን ጌትሊን ድንገተኛ ሞት ከጌይነቱ ጋር አያይዛ ዴይሊ ሜይል ላይ ስትጽፍ ለፕሬስ ቅሬታ ኮሚሽኑ ከ25,000 በላይ አቤቱታ ጎረፈ። ኮሚሽኑ የመጻፍ ነጻነቷን አስቀድሞ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው። የሱቆች ድርጅቱ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ግን ማስታወቂያውን ከጽሑፉ ገጽ አስነሳ። ሞይር እዚያው ጋዜጣ ላይ መጻፏን ቀጠለች።