ጊታር ላይ ፍሬት የሚጫነው እጅ፦ ሳይደክም እንዴት ይያዛል
ፍሬት ማለት የጊታሩ አንገት ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፣ ክሩን እነሱ ጋ የሚጫነው እጅ ለአብዛኛው ተጫዋች ግራ እጅ ነው፣ ለግራኝ ደግሞ ቀኙ። ስራው የሚርገበገበውን ክር ማሳጠር ነው፣ ክሩ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ርዝመቱ ግማሽ ስለሚሆን አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጭን ድምፅ) ከፍ ይላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ብዙ ጀማሪ ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው።

ዋናው ነገር ጣት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከፍሬቱ ብረት ኋላ ጠጋ ብሎ፣ ብረቱ ላይ ሳይወጣ፣ በጣት ጫፍ (ለዚህ ነው ጥፍር ማጠር ያለበት)። ከብረቱ ከራቀ ክሩ ዝዝ ይላል፣ ሰው ደግሞ ያንን ሲሰማ ቦታውን ከመቀየር ይልቅ ጨምሮ ይጫናል፣ ድካሙ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ጣታችሁን ክሩ ላይ ለስለስ አርጋችሁ አሳርፉና ክሩን እየመታችሁ ቀስ በቀስ ተጫኑት፣ መጀመሪያ ታፍኖ ይሰማል፣ ቀጥሎ ዝዝ ይላል፣ ከዛ ጥርት ይላል፣ ጥርት ያለበት ላይ በቃ አቁሙ። ከዛ በላይ ከተጫናችሁት ክሩ ይወጠርና ድምፁ ራሱ ከቅኝቱ ይወጣል።

አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ፣ ከሌባ ጣትና ከመሃል ጣት ትይዩ ዘና ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጨብጥም። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ክር ቤንድ ሲያረጉ (ክሩን ወደ ጎን ገፍተው ድምፁን ሲያቀጥኑ) አውራ ጣትን ከላይ ማውጣት የተለመደ ነው፣ ስህተት አይደለም። የእጅ አንጓ ግን በተቻለ መጠን ቀጥ ይበል፣ በጣም ከታጠፈ የጊታሩን አንገት ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻውን ያስተካክለዋል።

ሰው ሁሉ የሚማረርበት ባሬ ኮርድ (ሌባ ጣት በአግድም ተጋድሞ ብዙ ክር አንዴ የሚይዝበት ኮርድ) ነው፣ በተለይ 1ኛው ፍሬት ላይ ያለው የኤፍ (F) ኮርድ። ሌባ ጣት ስድስቱንም ክር እኩል መጫን የለበትም፣ 1ኛውን (ከሁሉ ቀጭኑን)፣ 2ኛውንና 6ኛውን (ከሁሉ ወፍራሙን) ከያዘ ሌሎቹን የቀሩት ጣቶች ይይዟቸዋል። ጣቱን ወደ አውራ ጣት በኩል ወዳለው ጎኑ ትንሽ ገልበጥ አርጉት፣ ኃይሉንም ከአውራ ጣት ሳይሆን ክንዳችሁን ወደ ኋላ ሳብ በማድረግ አምጡት። መጀመሪያ 5ኛው ፍሬት አካባቢ ብትለማመዱት በጣም ይቀላል።

አንዳንዴ ጥፋቱ የእጅ አይደለም፣ ክሩ ከፍሬቱ በጣም ከፍ ብሎ የተሰራ ጊታር ማንንም ያደክማል፣ ማስተካከል ወይ ቀጭን ክር መቀየር ይሻላል። የጣት ጫፍ ህመም ቆዳው ሲጠነክር ይጠፋል፣ አንጓ ላይ የሚሰማ ህመም ወይ መደንዘዝ ከመጣ ግን ወዲያው አቁሙ፣ ካልተወ ሃኪም ጋ ሂዱ።