ኦርኪዳሪየም ምንድን ነው?

ዓሦቹ ካለቁ በኋላ ገንዳው ጥግ ይዞ ይቀራል። አንዱ ይሸጠዋል፣ ሌላው ዕቃ ይከምርበታል። ኦርኪድ የሚባለውን የአበባ ተክል የሚወድ ሰው ግን ውሃውን አድርቆ ውስጡ ጥቃቅን ኦርኪዶች ይሰቅልበታል። ኦርኪዳሪየም የሚባለው ይኸው ነው፦ ኦርኪድ የሚያድግበት፣ ከክፍሉ የተለየ የራሱ አየር ያለው የመስታወት ሳጥን። አፈር የለበትም። ከታች ከሚቀረው ትንሽ ውሃ በስተቀር ውሃም አይሞላበትም። ለዚህ ነው መስታወቱ የተቧጨረ ወይም ከላይ በኩል የሚያፈስ አሮጌ ገንዳ እንኳ የሚያገለግለው።

ጥቃቅን ሲባል ምን ያህል ጥቃቅን? አብቃዮች በተለምዶ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያልሞላውን ኦርኪድ «ሚኒ» ይሉታል። ከዚያም በጣም የሚያንሱ ሞልተዋል። ፕላቲስቴሌ ዩንገርማኒዮይደስ የምትባለው የመካከለኛው አሜሪካ ዝርያ አበባዋ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሌፓንተስ ከሚባሉት ብዙዎቹ ደግሞ አበባቸውን የገዛ ቅጠላቸው ላይ አስተኝተው ያወጣሉ። ራቅ ብሎ ላየው ሰው ቅጠሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያረፈበት ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ሲጠጉት ነው ጉዱ የሚታየው፤ ሁሉ ነገሩ የተሟላ አበባ ነው፣ አንዳንዱም ጠርዙ ላይ ደቃቅ ፀጉር አለው። ሱቅ ውስጥ የለመድነው ባለ ትልልቅ ቅጠሉ ፋላኖፕሲስ ግን ገንዳ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ዘንጉ ክዳኑን ይገፋል።

ሳጥኑ ለምን አስፈለገ? እነዚህ ዕፅዋት በአብዛኛው ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። የዛፉን ምግብ አይቀሙም፤ ቅርንጫፉ መቀመጫቸው ብቻ ነው። ውሃ የሚያገኙት ከዝናብ፣ ከጉምና ከጤዛ ነው። ትልልቆቹ ኦርኪዶች ወፍራም ቅጠልና ውሃ የሚያከማች ያበጠ ግንድ ስላላቸው ጥቂት ቀን ጥም ይችላሉ። ጥፍር የምታክል ተክል ግን ስንቅ የላትም። ተራ ክፍል ውስጥ ጠዋት ብትረጯት ከሰዓት ደርቃ ትጠብቃችኋለች። መስታወቱ እርጥበቱን ያዝ ያደርግላታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1829 ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም የእሳት ራት ከሽፋኗ ስትወጣ ለማየት ጠርሙስ ውስጥ እርጥብ አፈር ጨምሮ ከደነው። የእሳት ራቷን ሲጠብቅ ከአፈሩ ፈርን የተባለች አበባ የሌላት ቅጠላም ተክል በቀለችለት፤ ያውም የከተማው ጭስ በጓሮው ፈርን አላሳድግ ብሎት ሳለ። በ1833 ዕፅዋት የያዙ የመስታወት ሳጥኖቹ በመርከብ ወደ ሲድኒ ተላኩ፤ ሲደርሱም ዕፅዋቱ በሕይወት ነበሩ። ዛሬ ቤታችን የምናስቀምጠው የመስታወት አትክልት ቦታ ሁሉ ከዚያ ጠርሙስ ጋር ዝምድና አለው።

ኦርኪድ ግን ፈርን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እርጥበት ትወዳለች ተብሎ ገንዳው ይከደናል፣ በላይ በላዩ ይረጫል፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ቅጠሉ ይጠቁርና ሻጋታ ይወርሰዋል። ጫካ ውስጥ እኮ ቅርንጫፍ ላይ ሁልጊዜ ነፋስ አለ። እርጥብ ነው፣ ግን አይታፈንም።

ሥሩን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ምክንያቱ ይገባችኋል። የኦርኪዱ የአየር ሥር ቬላመን በሚባል ነጭ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ የሞቱ ባዶ ሕዋሳት ክምር ነው፤ ሲደርቅ ብርማ ነጭ ይሆናል። ውሃ እርጩበት። ዓይናችሁ እያየ ሽፋኑ ውሃውን መጥጦ ከውስጥ ያለው አረንጓዴ ይገለጣል። ሲደርቅ ደግሞ ወደ ነጭነቱ ይመለሳል፤ ያኔ ባዶዎቹ ሕዋሳት እንደገና አየር ይሞላሉ። ሥሩ ሁለቱንም ይፈልጋል። ሌት ተቀን አረንጓዴ ሆኖ የሚውል የሚያድር ሥር አየር እያጠረው ነው፣ መበስበሱም አይቀርም።

ስለዚህ ከመርጫ በፊት ፋን ግዙ። እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል አላመነታም። ትልቅ ነገር አያስፈልግም፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ትንሽ ፋን በቂ ነው። ባለ 12 ቮልቱ በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ድምፅም ሳያሰማ ይዞራል። ተክሉ ላይ በቀጥታ አታነጣጥሩት። ወደ ላይኛው መስታወት ይንፈስና አየሩ ዞሮ ይውረድ። ክዳኑም ሙሉ በሙሉ አይገጠም፤ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለት።

የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ70 እስከ 85 በመቶ መሃል ካሳየ አሪፍ ነው። ከሌላችሁም የፊት መስታወቱ ይነግራችኋል። ጠዋት ጉም ለብሶ ረፋድ ላይ ከጠራ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ላብ ካወረደ አየሩ ቆሟል። ከናካቴው ጉም የማያውቀው ከሆነ ክፍተቱ በዝቷል።

አሠራሩ ብዙ ጣጣ የለውም። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 30 ከፍታ ያለው የተለመደ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል፤ ለመጀመሪያ ከበቂ በላይ ነው። የቆየውን የውሃ ነጭ ዝቃጭ በኮምጣጤ አሽታችሁ በደንብ አለቅልቁት። ወለሉ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሸክላ ጠጠር አንጥፉ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ እዚያ ይሰበሰባል፣ እየተነነም አየሩን ያረጥባል። ተክሎቹ የሚታሰሩት የቡሽ ዛፍ ቅርፊት ላይ ነው። ከሥሩ ስር ስፋግነም የሚባለውን ውሃ ያዥ ሞስ ስስ አድርጋችሁ አድርጉና በቀጭን ናይለን ክር እሰሩት። ስስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሞሱ ሲወፍር ውሃ ይዞ ይቀራል። ሥሩ ቅርፊቱን ጨብጦ ሲይዝ ክሩን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል።

ያቺ ትንሽ ሳጥን ውስጥ እንኳ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ከላይ መብራቱ አጠገብ ይደምቃል፣ ይሞቃል፣ ቶሎ ይደርቃል። ከታች ይቀዘቅዛል፣ ይረጥባል። ተክሏ አንድ ቦታ ካልተስማማት ቅርፊቷን አንስቶ ሌላ ቦታ መስቀል ነው። የአበባ ማሰሮ ውስጥ ከመትከል ይልቅ ቅርፊት የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው።

መብራቱ ኤል ኢ ዲ ይሁን፣ ከመስታወቱ ውጭ ይቀመጥ፣ በቀን ለ10 ወይም ለ12 ሰዓት ያህል ይብራ። ቅጠሉ በጣም ጠቁሮ አረንጓዴ ሆኖ አበባ እምቢ ካለ ብርሃን አንሶታል፤ ከቀላ በዝቶበታል። አንድ ነገር ግን በፍጹም፦ ገንዳውን ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ላይ አታስቀምጡት። መስታወቱ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ተክሎቹ እዚያው ይቀቀላሉ።

ውሃው የዝናብ ወይም የተጣራ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ብዙ ማዕድን ካለው ቅጠሉና መስታወቱ ላይ ነጭ እድፍ ይተዋል፤ የሥሩንም ጫፍ ይጎዳል። ጠዋት እርጩ፣ እስከ ማታ ቅጠሉ ይድረቅ። ማዳበሪያ ከተጻፈው መጠን ሩቡን በጥብጣችሁ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ብትሰጡ ይበቃል።

ተክል ስትመርጡ ከውበቱ በፊት የቤታችሁን ሌሊት አስቡ። ማስደቫሊያና ድራኩላ የሚባሉት ኦርኪዶች ፎቶ ላይ ልብ ይሰርቃሉ፤ የድራኩላ አበባ የዝንጀሮ ፊት ይመስላል። ብዙዎቹ ግን የመጡት ደመና ከማይለየው የተራራ ደን ነው፣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ይማቅቃሉ። ገንዳን ማሞቅ ቀላል ነው፤ ማቀዝቀዝ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሞቅ ባለ ቤት የታይዋኗ ሃሬላ ትሻላለች፤ ትንሿ አበባዋ ሎሚ ሎሚ ትሸታለች። የአፍሪካዋ አንግሬከም ዲስቲኩምም አለች፤ አበባ ባይኖራት እንኳ ቅጠሎቿ ሹሩባ ይመስላሉ።

ከጫካ የተነቀለ ግን አትግዙ። መላው የኦርኪድ ቤተሰብ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ከአገር ወደ አገር ሲያልፍ ፈቃድ ይጠየቃል። ደግሞም መንቀል የግድ አይደለም። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፣ ስንቅም የለውም፤ በተፈጥሮ ለመብቀል ፈንገስ ይመግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ዘሩ ስኳር ባለው ጄል ላይ ያለ ፈንገስ መብቀል እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ችግኝ በብልቃጥ ይመረታል። 

በመጨረሻ ስለ ቀንድ አውጣ። ከሞሱ ጋር ተደብቀው የሚገቡ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ የሚበሉትም ገና የወጣውን የሥር ጫፍ ነው። ቀን አታገኟቸውም። ማታ ቁራጭ ኪያር ጠጠሩ ላይ አስቀምጡ፣ ጎህ ሲቀድ ከነተለጠፉበት አንሥታችሁ ጣሉት። አንዴ ብቻ አይበቃም፤ እንቁላላቸው ስለሚቀር በየጥቂት ቀኑ መደጋገም አለበት።