የሐሳብ ካርታ በጅማ

የሐሳብ ካርታ፣ በተማሪው አፍ «ማይንድ ማፕ»፣ አንድን ጉዳይ ወረቀት መሃል ላይ አስቀምጦ ከእሱ የሚነሡትን ሐሳቦች በየአቅጣጫው እየዘረጉ የሚሥሉበት የማሰቢያ፣ የማቀጃና የችግር መፍቻ ዘዴ ነው። ከዝርዝር የሚለየው ቅደም ተከተል አለማስገደዱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ትዝ ያለ ነገር ከመጀመሪያው ጎን ቦታ ያገኛል። ይህ ዳሰሳ የዘዴውን አመጣጥ ባጭሩ ያነሣና ሰፊውን ቦታ ለጅማ ይሰጣል። ጅማ ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ቀበሌ የሚያሰማራ ትምህርት ሥር የሰደደባት ከተማ ናት፤ የአንድን ችግር መንሥኤ ዘርግቶ ማየት እዚያ የጥናት ጌጥ ሳይሆን የሥራ ግዴታ ነው።

ስያሜው

በአማርኛ አንድ ስም አልረጋለትም። «የአእምሮ ካርታ» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ይህ የአንጎል ሥዕል ያስመስለዋል። «የሐሳብ ካርታ» ይሻላል፤ እዚህም የተያዘው እሱ ነው። ከመሃል የሚወጡትን መስመሮች ብዙ ሰው «ቅርንጫፍ» ይላቸዋል። አማርኛ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አለው፦ ሐረግ። ሐረግ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ተክል ነው፤ የዘር ሐረግ የትውልድ መስመር ነው፤ በሰዋስው ደግሞ ዓረፍተ ነገር ያልሞላ የቃላት ጥምር ነው፤ በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሣለው ጌጥም ሐረግ ይባላል። ተክሉም፣ ዘሩም፣ ያልሞላው ንግግርም፣ ሥዕሉም በአንድ ካርታ ላይ ይገኛሉ። ቃሉ ባይለመድ እንኳ ለምን እንደማይለመድ ግልጽ አይደለም።

አመጣጥ

ሐሳብን በዛፍ መልክ መሣል አዲስ ነገር አይደለም፤ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፈላስፋ ፖርፊሪ ያስተማረው የምድቦች አከፋፈል በመካከለኛው ዘመን በዛፍ እየተሣለ ሲጠና ኖሯል። «ማይንድ ማፕ» የሚለውን ስያሜና የዛሬውን መልክ ያስፋፋው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ተከታታይ ዝግጅት ዘዴውን ለሰፊው ሕዝብ አስተዋወቀ፤ ስሙንም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ሦስት የቅርብ ዘመዶች ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር ይምታታሉ። አንደኛው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ኖቫክ እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረው የጽንሰ ሐሳብ ካርታ ነው፤ በእሱ ሁለት ሐሳቦችን በሚያገናኘው መስመር ላይ «ያስከትላል»፣ «ይይዛል» የመሰለ ማያያዣ ቃል ይጻፋል፤ ማዕከሉም አንድ ብቻ መሆን የለበትም። ሁለተኛው ጃፓናዊው ካኦሩ ኢሺካዋ ያስፋፋው፣ የአንድን ችግር መንሥኤዎች እንደ ዓሣ አጥንት ከአንድ መስመር ግራና ቀኝ የሚደረድረው የዓሣ አጥንት ሥዕል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ሥልጠናዎች በደንብ ታውቋል። ሦስተኛው በልማት ፕሮጀክቶች የተለመደው የችግር ዛፍ ነው፦ ሥሩ መንሥኤ፣ ግንዱ ችግር፣ ቅርንጫፉ ውጤት። ጅማ ውስጥ በፍሊፕ ቻርት ላይ የሚታየው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ ሁሉ ቅልቅል ነው፤ ይህም እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ የመጻሕፍት ትርጓሜው አንድምታ ትዝ ይለው ይሆናል፤ ከአንድ ንባብ ተነሥቶ «አንድም… አንድም…» እያለ ብዙ ፍቺ የሚያወጣው። መመሳሰሉ ዝምድና አይደለም። ሆኖም የአብነት ትምህርት ለቀመሰ ተማሪ ዘዴውን በአንድ ደቂቃ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ማስረጃው ምን ይላል

ቡዛን ካርታው የግራና የቀኝ አንጎልን አንድ ላይ ያሠራል እያለ ይናገረው የነበረውን ሳይንሱ አይደግፈውም፤ እሱን ትቶ ማለፍ ነው። የተሻለው ማስረጃ መጠነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የለንደን ጥናት 50 የሕክምና ተማሪዎችን 600 ቃላት ያህል ጽሑፍ አስጠንቶ ከሳምንት በኋላ ሲፈትናቸው፣ በካርታ ያጠኑት የተሻለ አስታውሰው ተገኝተዋል፤ ለዘዴው የነበራቸው ፍላጎት ግን በለመዱት መንገድ ካጠኑት ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ 55 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ የጽንሰ ሐሳብና የእውቀት ካርታዎች ለመማር እንደሚረዱ አሳይቷል። ከሁለቱም የሚገባን ካርታው ተአምር አለመሥራቱን ነው፤ ሰው ራሱ ሲሠራው ያስባል፣ የሌላ ሰው ካርታ ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሸመደደ ግን ዝርዝር ከመሸምደድ ብዙም አልራቀም። ከፈተና በፊት ባሉት ቀናት የቀለሜው ካርታ ከዶርም ዶርም እንደሚዞር የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሣሣልና ፊደላችን

የተለመደው ደንብ ቀላል ነው። ወረቀቱ በአግድም ይያዛል፤ መሃሉ ላይ ጉዳዩ ይሣላል ወይም ይጻፋል፤ ዋና ዋናዎቹ ሐረጎች ወፍረው ይወጣሉ፤ ከእነሱ ቀጫጭኖቹ ይቀጥላሉ፤ እያንዳንዱ ዋና ሐረግ የራሱ ቀለም ይኖረዋል፤ በአንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ ይቀመጣል። ቃላቱን በትልልቅ ፊደላት ጻፉ የሚልም አለበት።

ደንቡ ግን ለእንግሊዝኛ የተሰፋ ልብስ ነው። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ የሐሳብ ደረጃ የሚታየው በጽሕፈቱ መጠንና በቀለሙ ነው። «አንድ ቃል ብቻ» የሚለው ደግሞ በአማርኛ ይላላል፤ «አልተነገረንም» አንድ ቃል ነው፣ ግን ድርጊቱን፣ ለማን እንደሆነና አለመፈጸሙንም ጨምሮ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዟል። ግስ ከተጻፈ ክስ ወይም ድምዳሜ ሆኖ ይዘጋል፤ «መረጃ» ተብሎ በስም ከተጻፈ ገና ሌላ ሐረግ ያወጣል። በአማርኛ ለሚሥል ሰው ቁም ነገሩ የቃላት ቁጥር ሳይሆን በስም መጀመርና ግሱን ለጫፍ ማቆየት ነው።

ጅማ ላይ ጉዳዩ የሦስት ቋንቋ ነው። የበሽታው ስም በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ የቡድኑ ወሬ በአማርኛ ይሄዳል፣ የቤቱ ባለቤት የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። በጥሩ ካርታ ላይ ሰውየው ያለው ቃል እንዳለ በቁቤ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ትርጉሙ ከጎኑ። ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ቃል ብዙውን ጊዜ ተማሪው መስማት ወደፈለገው ነገር ይዞራል።

በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ውስጥ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ሁለት ተቋማት ተዋሕደው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት (በኋላ ኮሌጅ) እና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። ኢንስቲትዩቱ ከጅምሩ የተተከለው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ላይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚለውን መፈክር የወረሰው ከዚሁ መንፈስ ነው። የጤና ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ መስክ ላይ ማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅም ይሠራበት እንደነበር ይነገራል፤ ነገር ግን ዘዴውን የሁሉም የትምህርት ዘርፍ መሠረት አድርጎ የዘረጋው ጅማ መሆኑ አያከራክርም።

ትምህርቱ ሦስት ክንድ አለው። በመጀመሪያው ተማሪዎች በየደረጃቸው ወደ ቀበሌ ወርደው የኗሪውን ሁኔታ ያጠናሉ። በሁለተኛው፣ በቡድን ሥልጠናው፣ ተመራቂ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው እንደ አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ይሰማራሉ። ሦስተኛው የተማሪው የምርምር ሥራ ነው።

የሐሳብ ካርታ ቦታውን የሚያገኘው በቤት ለቤቱ መጠይቅና በድርጊት መርሐ ግብሩ መሃል ነው። መረጃው ተሰብስቦ ችግሮቹ ከተዘረዘሩ በኋላ ቡድኑ በስፋት፣ በክብደት፣ በመፍትሔው ተግባራዊነት፣ በኅብረተሰቡና በመንግሥት ትኩረት እየመዘነ ቅድሚያ ያወጣል። ቀጥሎ «ለምን?» ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት የጤና ሥርዓት ምርምር ማሠልጠኛ ይህን እርምጃ በሥዕል እንዲሠራ ያዛል፦ ዋናውን ችግር መሃል ላይ ክበቡት፣ መንሥኤዎቹን ዙሪያውን አስቀምጡ፣ በቀስት አያይዙ። ስሙ «ማይንድ ማፕ» አይደለም፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ለምሳሌ መሃሉ ላይ «የሕፃናት ተቅማጥ» ይቀመጥ። ውሃ፣ መጸዳጃ፣ እጅ መታጠብ፣ የምግብ አያያዝ፣ ሕክምና ብለው አምስት ሐረጎች ይወጣሉ። የአካባቢ ጤናው ተማሪ ማርከሩን ይዞ ወደ መጸዳጃው ይሮጣል፤ የፋርማሲው ወደ ሕክምናው፤ ነርሷ እናትየዋ ዘንድ ትቆማለች። እስከዚህ እያንዳንዱ የራሱን ትምህርት ነው የሣለው። ሥራው የሚጀምረው ጫፎቹ ሲገናኙ ነው። በመጠይቁ «መጸዳጃ ቤት አለ» ተብሎ ተሞልቷል፤ ከቦዬ ረግረግ ወይም ከአዌቱ ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር ግን ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ በውሃ ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ከሆነ የመጸዳጃው ሐረግ ተጣምሞ የውሃውን ሐረግ ያገኘዋል፣ «ትምህርት መስጠት» ተብሎ ሊጻፍ የነበረው መፍትሔም ቦታውን ያጣል። በሠንጠረዥ ሁለቱ ጥያቄዎች በተለያየ ገጽ ላይ ናቸው፤ አይተያዩም።

የካርታው ድክመትም የሚታየው እዚሁ ነው። መስመር ማስመር ቀላል ስለሆነ ቡድኑ ያልጠየቀውን ሁሉ ያገናኛል። መስኩን በደንብ የሠሩ ቡድኖች ከመጠይቁ የመጣውን መስመር ደፍነው፣ ግምታቸውን በነጠብጣብ ይለያሉ። ሁለተኛው ድክመት ማርከሩ ነው፦ ማርከር የያዘው ሰው ያሸንፋል። ሰባት ተማሪ ባለበት ቡድን ሁለቱ ሲሥሉ አምስቱ ያጨበጭባሉ። ሁሉም መጀመሪያ ለብቻው በየደብተሩ ሥሎ ከዚያ ወደ አንድ ትልቅ ወረቀት ማምጣት ይህን ያስታግሳል።

በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘዴው በመምህሩ ፍላጎት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከጤና ውጭ፦ የቡናው ካርታ

ስለ ጅማ ተጽፎ ቡና አለመንካት አይቻልም፤ ደግሞም የሐሳብ ካርታ ጥቅም ከቡና በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ያለ አይመስልም። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» የሚባለው (ቁጥሩ ደረጃው ነው) ያልታጠበ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ፣ ቡና ለረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ደረጃ ሲሸጥ ኖሯል፤ አፈር አፈር ይላል የሚለው ስሞታ አብሮት ይነሣል። ከዚሁ ዞን የሚወጣው የታጠበ የሊሙ ቡና ግን የተከበረ ነው። እንግዲህ አፈሩም ዝናቡም አንድ ሆኖ ልዩነቱ ከየት መጣ? ለካርታ የተፈጠረ ጥያቄ ነው።

መሃሉ ላይ «ጅማ 5» ብለን ብንጀምር፣ የመጀመሪያው ሐረግ ለቀማ ነው፦ ቀይ እሸት እየመረጡ ከመልቀም ፋንታ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ጠርጎ ማውረድ። ከእሱ የሌባ ስጋት፣ የጉልበት እጥረትና አጣዳፊ የገንዘብ ፍላጎት ይወጣሉ። ሁለተኛው ማድረቅ ነው፦ እሸቱ በሽቦ አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ሲሰጣ አፈሩን ይጠጣል፤ በለቀማው ወቅት ያልቆመ ዝናብ ደግሞ ያሻግተዋል። ሦስተኛው ማከማቸት ነው፦ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ጆንያ የገባ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ይታፈናል። አራተኛው ገበያ ነው።

እነዚህ አራቱ በማንኛውም የሥልጠና ወረቀት ላይ በተራ ቁጥር ይገኛሉ፤ መፍትሔውም «አርሶ አደሩን ማሠልጠን» ሆኖ ያልቃል። በካርታው ግን ከገበያው ሐረግ አንድ መስመር ዞሮ ወደ ለቀማው ይመለሳል፦ ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ለቀዩም ለተደባለቀውም አንድ ዋጋ ከከፈለ፣ መርጦ የለቀመው ገበሬ ጉልበቱን በነጻ ሰጠ ማለት ነው። አርሶ አደሩ ስለ ሽቦ አልጋ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሒሳቡን ሠርቶ ነው። ይህ ዞሮ የሚመለስ መስመር በዝርዝር ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ጅማ አጠገብ መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ዝርያና ስለ አደራረቅ የሚወጣው እውቀትም ገበሬው ጋ ደርሶ ሥራ ላይ የሚውለው ይህ መስመር ሲፈታ ነው።

በኮምፒውተር

ፍሪማይንድና ኤክስማይንድ የታወቁት ፕሮግራሞች ናቸው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በአማርኛ መሥራት አያስቸግርም። መብራት ሲጠፋ ግን ፍሊፕ ቻርቱ አይጠፋም፤ ስድስት ሰው ዙሪያውን ቆሞ ሊጨቃጨቅበትም ይችላል።

ካርታዎቹ የት ይገባሉ

በመስክ ትምህርቱ የሚሣሉት ካርታዎች ዕድሜያቸው አጭር ነው። ተጠርዞ የሚገባው ሪፖርት ሠንጠረዥና የመርሐ ግብር ሰሌዳ ይይዛል፤ ወደ መርሐ ግብሩ ያደረሰው ካርታ ግን ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል፣ ወይም በቡድን መሪው ስልክ ውስጥ ፎቶ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቀበሌ የሚመደበው ቡድን ያንኑ ችግር እንደገና ከመሃል ይጀምራል። የቀበሌው ስምና ቀኑ በጥግ የተጻፈበት፣ ኗሪው ያለው ቃል በራሱ ቋንቋ የቀረበት ወረቀት ከሪፖርቱ ኋላ ታጥፎ ቢጠረዝ አንድ ገጽ ነው የሚጨምረው።