የሶፍትዌሮች ሲንክ ምንድን ነው? ከኮዱ በፊት መወሰን ያለበት ጉዳይ

መርካቶ መጋዘን፣ ቦሌና መገናኛ ደግሞ ሱቅ ያለው አንድ ጫማ አስመጪ እንውሰድ። ሱቆቹ በሽያጭ ሶፍትዌር ይሠራሉ። በኢንተርኔት የሚመጣው ትዕዛዝ በሌላ ሲስተም ይገባል። ሂሳብ ክፍሉ እንደ ብዙው የአገራችን ድርጅት ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ አሁን ስሙ ሴጅ 50 ሆኗል፣ ሁላችንም ግን ፒችትሪ ነው የምንለው። ማታ ማታ የሂሳብ ሠራተኛዋ የየሱቁን ሽያጭ በኤክሴል ተቀብላ አንድ በአንድ ታስገባለች። በዚህ መሀል ኢንተርኔቱ ላይ «አለ» የተባለው 42 ቁጥር ጫማ ቦሌ ላይ ከተሸጠ ግማሽ ቀን አልፎታል፤ ደንበኛው ግን ከፍሎ እየጠበቀ ነው።

ሲንክ ይህን ክፍተት የሚዘጋ ሥራ ነው። አንድ መረጃ (ደንበኛ፣ ዋጋ፣ ቀሪ ዕቃ፣ ደረሰኝ) በሁለትና ከዚያ በላይ ሲስተሞች ውስጥ ሲኖር፣ አንዱ ጋ የተለወጠው ለሌሎቹ ደርሶ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጡ ማድረግ ማለት ነው። ዳታን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማሻገር የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ሁለቱ ሲስተሞች ተለያይተው ሲገኙ ምን እንደሚደረግ ነው። መለያየታቸው ደግሞ አይቀርም።

ሥራው ሲጀመር ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው «ኤፒአይ (ሌላ ሶፍትዌር የሚገናኝበት በር) አለው ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ባለቤቱን፣ ሂሳብ ሹሟንና የመጋዘን ኃላፊውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ሲለያዩ የማንን እንመን?» የሚለውን መጠየቅ እመርጣለሁ። መልሱ «የፒችትሪን» ወይም «የሽያጩን» ተብሎ በጥቅሉ ከተሰጠ አይሠራም። በእያንዳንዱ ፊልድ፣ ማለትም በእያንዳንዱ የመዝገቡ ክፍል፣ መወሰን አለበት። የደንበኛው ስልክ የሚታወቀው ሽያጭ ጋ ነው፤ ደንበኛውን በየቀኑ የሚያገኙት እነሱ ናቸው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የዱቤ ጣሪያው የሂሳብ ክፍል ነው። የዕቃው ቀሪ የመጋዘን ነው። ባለቤት የሆነው ሲስተም ይጽፋል፤ ሌሎቹ ያነባሉ። ሌሎቹ ጋ ያ ፊልድ ቢቻል እንዳይነካ መቆለፍ አለበት።

ይህ ሳይወሰን ሲቀር ሰው የሚሸሸው ወደ ሁለት አቅጣጫ ሲንክ ነው። «ሁለቱም ይጻፉ፣ የመጨረሻው ይጽና» ይባላል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ጉዳቱን በቅርብ እንየው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የሽያጭ ሠራተኛው የደንበኛውን ስልክ ያስተካክላል። ሂሳብ ሠራተኛዋ የዚያኑ ደንበኛ ገጽ 3:55 ላይ ከፍታ ነበር፤ 4:10 ላይ የዱቤ ጣሪያውን ከፍ አድርጋ ሴቭ ትላለች። የእሷ ሲስተም የላከው ሙሉውን መዝገብ ነው፣ የድሮው ስልክ ጭምር። መጨረሻ የጻፈችው እሷ ስለሆነች ስልኩ ወደ ስህተቱ ይመለሳል። ማንም አላጠፋም፣ ሲስተሙም ስህተት አላሳየም። የሽያጭ ሠራተኛው ግን «አስተካክዬው ነበር እኮ» እያለ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ሁለት አቅጣጫ የግድ ከሆነ እንኳ የተለወጠውን ፊልድ ብቻ ላኩ፤ ለውጡ ከሲንኩ ራሱ የመጣ ከሆነም መልሳችሁ አትላኩት። አለዚያ ሁለቱ ሲስተሞች አንዱ የላከውን ሌላው እየመለሰ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀባበሉ ያድራሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማዛመድ ነው፤ ሽያጭ ጋ ያለው ደንበኛና ሂሳብ ጋ ያለው ደንበኛ አንድ ሰው መሆኑን በምን እናውቃለን? በስም ማዛመድ በእኛ አገር ተስፋ የለውም። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ አጻጻፍ አለው። በዚያ ላይ ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ ሠራተኛ የአባት ስም፣ ሌላው የአያት ስም ያስገባበታል። ስለዚህ ዝምድናው በቁጥር ይታሰር፤ የሽያጩ ሲስተም መለያና የሂሳቡ ሲስተም መለያ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት አንድ ሠንጠረዥ ይኑር።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጥሩ ማዛመጃ ነው፤ ግን ኤክሴል ውስጥ ካለፈ ተጠንቀቁ። ቁጥሩ 10 አሃዝ ነው፣ ብዙዎቹም በዜሮ ይጀምራሉ። ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ስለሚቆጥረው ፊት ያሉትን ዜሮዎች ይጥላቸዋል። 10 አሃዝ የነበረው 8 ሆኖ ይወጣና ሲንኩ «አዲስ ደንበኛ» ብሎ ይመዘግበዋል። ቁጥሩ በጽሑፍ መልክ ይቀመጥ፤ 10 አሃዝ ያልሞላም አይግባ። ስልክም እንደዚሁ በ09፣ በ9 ወይም በ251 ሊጀመር ስለሚችል፣ አንድ ቅርጽ ተመርጦ ሁሉም ወደ እሱ ይቀየር። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምርም አለ፤ 09 ብቻ እንዲቀበል የተሠራ አሮጌ ማጣሪያ ጤነኛ ደንበኛ ይመልሳል።

ቀን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዝም ብሎ የሚያበላሽ ነገር ስለሆነ። ሠራተኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 30ን «30/02/2017» ብሎ ቢያስገባ የፈረንጁ ሶፍትዌር የካቲት 30 የለም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንንም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳል። እነዚህ ደህና ናቸው፣ ይጮኻሉ። አደገኛው «05/01/2017» ነው። መስከረም 5 ማለቱ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ግን በደስታ ተቀብሎ ሽያጩን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከዚያ ወር ሪፖርት ላይ ሽያጩ ይጠፋል፣ ሰውም ሲንኩ አልሠራም ይላል። በሲስተሞች መካከል የሚሄደው ቀን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፦ የጎርጎርዮስ፣ ዓመት ቀድሞ፣ ወር፣ ከዚያ ቀን። የኢትዮጵያው ቀን ለሰው ዓይን ስክሪኑና ደረሰኙ ላይ ይታይ። ሰዓትም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከነሰዓት ቀጣናው ይሂድ፤ «3 ሰዓት» ብቻ ከሆነ ለእኛና ለሶፍትዌሩ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የሱቁ ሲስተም የአንድ ሽያጭ መልእክት ወደ ሂሳብ ሲስተሙ ላከ፤ መልስ ሳይመጣ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልእክቱ ሳይደርስ ነው የተቋረጠው ወይስ ደርሶ መልሱ ሲመለስ? ላኪው በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም። ይህ የፕሮግራመር ድክመት አይደለም፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ከ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያውቀው፣ የሁለቱ ጄኔራሎች ችግር የሚባል ገደብ ነው። በማይታመን መስመር ላይ የሚገናኙ ሁለት ወገኖች ስለ አንድ ነገር መስማማታቸውን ፍጹም እርግጠኛ መሆን አይችሉም። እንግዲህ ላኪው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ መተው ወይም ደግሞ መላክ። ከተወ ሽያጭ ሊጠፋ ነው፣ ደግሞ ከላከ ሽያጭ ሁለቴ ሊመዘገብ ነው።

መፍትሔው ደግሞ መላክ፣ ግን ድግግሞሹን ምንም የማያመጣ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ ገና ሲፈጠር፣ ከመላኩ በፊት፣ የማይደገም ቁጥር ይሰጠው። ተቀባዩ ያንን ቁጥር ይመዝግብ። እንደገና ሲመጣ «ይሄ ገብቷል» ብሎ ያንኑ የቀድሞ መልስ ይስጥ እንጂ ሁለተኛ አይመዝግብ። ዓለም አቀፉ የክፍያ ድርጅት ስትራይፕ ኤፒአዩ ላይ እንዲህ ያለ የማይደገም ቁጥር ይቀበላል፤ አንድ ክፍያ ሁለቴ እንዳይቆረጥ ማለት ነው። በተቃራኒው አቅጣጫም ያው ነው፦ የክፍያ መድረኮች «ተከፍሏል» የሚለውን ማስታወቂያ ደግመው ሊልኩት ይችላሉ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ በስልክ መክፈል የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗልና፣ ማስታወቂያ የሚቀበል ሲስተም የግብይት ቁጥሩን ሳያይ ገንዘብ ቢመዘግብ ሂሳቡ በሳምንት ውስጥ ይዛባል። ኔትወርክም መብራትም በሚቆራረጥበት አገር ይህ ለቅንጦት የሚደረግ አይደለም፤ ከሁሉም በፊት መሠራት ያለበት ነው። የሱቁ ሲስተም ሽያጩን መጀመሪያ እዚያው ይመዝግብ፣ በወረፋ ያስቀምጥ፣ መስመር ሲመለስ በተራ ይላክ። ሻጩ ኢንተርኔት እስኪመጣ ደንበኛ እንዳያስጠብቅ።

የዕቃ ቀሪ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ቦሌ ስለ ጋራው ክምችት «ቀሪ 40» ብሎ ቢልክና መገናኛ በዚያው ደቂቃ ሦስት ጥንድ ሸጦ ቢሆን፣ 40ው የመገናኛን ሽያጭ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከቀሪው ይልቅ እንቅስቃሴው ይላክ፦ «3 ወጣ»፣ «12 ገባ»። ግን እንቅስቃሴ ሁለቴ ከደረሰ ሁለቴ ይቀነሳል፤ ከላይ ያልነው የማይደገም ቁጥር እዚህ ላይ ነው ነፍስ የሚያድነው። መለኪያውም ይነገር፦ መጋዘን በካርቶን፣ ሱቅ በጥንድ የሚቆጥር ከሆነ «12» ብቻውን ትርጉም የለውም።

ዋጋ ሲላክ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ያለበት ይሁን የሌለበት ይለይ። ማጠጋጋቱም ይወሰን። 33.30 ብር የሆኑ ሦስት መስመሮች ያሉት ደረሰኝ ውሰዱ። የእያንዳንዱ 15 በመቶ 4.995 ነው፤ ሲጠጋጋ 5.00፣ ሦስቱ 15.00 ብር። ከድምሩ 99.90 ላይ ከተሰላ ግን 14.985፣ ሲጠጋጋ 14.99። አንድ ሳንቲም ናት፤ በሺዎች ደረሰኝ ላይ ግን ሂሳብ ሠራተኛዋን ለቀናት ፍለጋ ላይ የምታቆይ ሳንቲም ናት። ታክሱን ያሰላው ሲስተም አንድ ይሁን፣ ሌላው የተሰላውን ይቀበል እንጂ እንደገና አያስላ።

የተሰረዘ ነገር ጉዳይ አጭር ነው፦ አታጥፉ። «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይደረግበትና ምልክቱ ይተላለፍ። ከመዝገብ የጠፋ ነገር ስለ መጥፋቱ የሚናገር የለውም፤ ሌላው ሲስተም ውስጥ ለዘላለም ይኖራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ማስታረቅ አይቀርም። ማታ ሲዘጋ ሁለቱ ሲስተሞች ሁለት ቁጥር ይናገሩ፦ ዛሬ ስንት ደረሰኝ፣ በድምሩ ስንት ብር። እኩል ከሆኑ ጥሩ። ካልሆኑ የትኞቹ ደረሰኞች እንደጎደሉ በዝርዝር ይውጣ። ሊገቡ ያልቻሉ መዝገቦች ከነምክንያታቸው ለብቻ ይቀመጡ፤ አንድ የተበላሸ ደረሰኝ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ማገድ የለበትም። ዝርዝሩ የሚላክለት ሰው በስሙ ይታወቅ። «ለአይቲ ይላካል» የተባለ ማስጠንቀቂያ ማንም አያየውም፤ በእኔ እምነት ደግሞ ማየት ያለባት ሂሳብ ሠራተኛዋ ናት፣ የትኛው ቁጥር እውነት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ስለሆነች።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ዓይነት መረጃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞ መነሳትን ነው፤ ለምሳሌ ከሱቅ ወደ ሂሳብ የሚሄድ ሽያጭ። ለሁለትና ሦስት ሳምንት የእጁ ሥራ ሳይቆም ጎን ለጎን ይሂድና ማታ ማታ ይነጻጸር። በቀን ሃያ ሠላሳ ደረሰኝ ብቻ ያለው ሱቅ ከሆነማ በየሰከንዱ የሚሠራ ሲንክ አያስፈልገውም። የሽያጩ ሶፍትዌር በቀን አንድ ጊዜ የሚያወጣውን ፋይል፣ የደረሰኝ ቁጥሩ ተፈትሾ፣ ወደ ፒችትሪ ማስገባት ይበቃዋል፤ ለፕሮግራመር የሚከፍለውን ገንዘብ ዕቃ ያምጣበት።